ዲስኩ «አልጻፍም» ሲል፦ በድሮ ኮምፒውተሮች ላይ የፍሎፒ ዲስክን የመጻፍ ክልከላ መመርመርና መፍታት

ባለፈው መስከረም አንዲት እህት የጫማ ካርቶን አቅፋ ወደ ጥገና ክፍሌ መጣች። ክፍሌ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲወረድ ራስ መኮንን ድልድይ ሳይደረስ ያለች ጠባብ ቤት ናት። ከኋላዋ ወንድሟ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ከባድ ኮምፒውተር ተሸክሟል። ካርቶኑ ውስጥ ሃያ ሁለት የአምስት ከሩብ ኢንች ፍሎፒ ዲስኮች ነበሩ፤ አባታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በመምህርነት ዘመናቸው የጻፏቸው ናቸው። ማሽኑ ዲስኮቹን ማንበብ ሲያቅተው አንድ ዘመድ በስልክ «ፎርማት አድርጊው፣ ይስተካከላል» ብሏት ነበር። የፎርማት ትእዛዝ ስትሰጠው ማሽኑ ዲስኩ እንዳይጻፍበት ተከልክሏል ብሎ እንቢ አለ። ያው ዘመድ «እንግዲያው ጠርዙ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር ላጪው» አላት። ላጠችው፤ አሁንም እንቢ አለ። ሌላ ሞከረች፤ እንቢ። ሃያ ሁለቱንም ልጣ ጨርሳ ነው እኔ ዘንድ የመጣችው።

«ወንድሜ፣ ይህን ክልከላ አንሣልኝ» አለችኝ።

ፎርማት ማድረግ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ይሰርዛልና፣ ያ ክልከላ ባይኖር ኖሮ ከአባቷ ጽሑፍ አንድ ገጽ እንኳ አይተርፍም ነበር። የተበላሸው ድራይቭ፣ ማለትም ዲስኩ የሚገባበት ማንበቢያና መጻፊያ ክፍል፣ ሃያ ሁለት ጊዜ አድኗቸዋል። ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዚህ ነው። «መጻፍ ተከልክሏል» የሚለውን መልእክት አብዛኛው ሰው በፍጥነት ሊያስወግደው እንደሚገባ እንቅፋት ያየዋል። እኔ ግን እንደ ምስክር ቃል እንዲሰሙት እፈልጋለሁ። ቃሉን የሚሰጠው ዲስኩ ሊሆን ይችላል፣ ድራይቩ ሊሆን ይችላል፣ ኮምፒውተሩም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ፕላስተር መላጥም ሆነ ካቻቪቴ ማንሣት አደጋ አለው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ትእዛዞቹና መልእክቶቹ በማሽኑ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚታዩት። እኔ እዚህ በድምፃቸው ጽፌያቸዋለሁ።

መጀመሪያ መልእክቱን በትክክል ያንብቡ

ዶስ በሚባለው የድሮ ሥርዓተ ክወና በሚሠሩ የአይቢኤም ዓይነት ማሽኖች ላይ የሚወጣው «ራይት ፕሮቴክት ኤረር ራይቲንግ ድራይቭ ኤ» የሚል ነው፤ ከሥሩም «አቦርት፣ ሪትራይ፣ ፌይል» የሚል ምርጫ ይከተላል። እዚህ ጥያቄ ላይ ሳሉ ዲስኩን አውጥተው ሌላ ዲስክ አስገብተው «ሪትራይ» የሚለውን በፍጹም አይምረጡ። ዶስ የመጀመሪያውን ዲስክ የፋይል ዝርዝር በማስታወሻው ይዞ ስለሚቆይ በሁለተኛው ዲስክ ላይ ሊያሰፍረው ይችላል፤ ያን ጊዜ የሁለተኛው ዲስክ ፋይሎች መገኛቸው ይጠፋል። ትክክለኛው መልስ ኤ የምትለውን ፊደል ተጭኖ ሥራውን ማቋረጥ ነው።

«አክሰስ ዲናይድ» የሚል ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ያ ስለ ዲስኩ ሳይሆን ስለ አንድ ፋይል የሚናገር ነው፤ ፋይሉ ለንባብ ብቻ ተብሎ ምልክት ተደርጎበታል ማለት ነው። «አትሪብ» ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ የመቀነስ ምልክትና አር ፊደል፣ ከዚያም የፋይሉን ስም ሲጽፉ ምልክቱ ይነሣል። ለዚህ ማንም ዲስክ ላይ ፕላስተር መላጥ የለበትም።

ኮሞዶር 64 የተባለው የቤት ኮምፒውተር ያላቸው ሰዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ አገር ከተመለሱ ቤተሰቦች የወረሱት፣ ይበልጥ ይደናገራሉ። ምክንያቱም ማሽኑ ብዙ ጊዜ ምንም አይናገርም፤ 1541 የተባለው የፍሎፒ ድራይቩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ይቀራል፣ ስክሪኑ ላይ ግን «ሬዲ» የሚለው ቃል እንደ ወትሮው ተቀምጧል። ድራይቩ የራሱ ፕሮሰሰር ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ስለሆነ ምን እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባዋል። የምንጠይቀው በዚህች አጭር ፕሮግራም ነው፦

10 ኦፕን 15,8,15
20 ኢንፑት#15,ኤ,ቢ$,ሲ,ዲ
30 ፕሪንት ኤ,ቢ$,ሲ,ዲ
40 ክሎዝ 15

«ኢንፑት#» ያለ መስመር ቁጥር ስለማይሠራ ነው ፕሮግራም ያስፈለገው። መልሱ 26 ከሆነ የመጻፍ ክልከላ ነው። 29 ከሆነ ደግሞ ድራይቩ የያዘው ዲስክ ቀደም ብሎ ከሚያውቀው ዲስክ መለያው አልገጠመለትም ማለት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ዘመዳሞች መሆናቸውን ኋላ እናያለን።

አፕል ቱ በተባለው ኮምፒውተር ላይ «ራይት ፕሮቴክትድ» የሚል ግልጽ መልስ ይመጣል። አሚጋ የተባለውም ኮምፒውተር የዲስኩን ስም ጠቅሶ እንደተከለከለ የሚናገር ትንሽ ሳጥን ያወጣል።

ክልከላውን ከማንሣትዎ በፊት ቅጂ ይውሰዱ

የመጻፍ ክልከላ ንባብን አይከለክልም። ስለዚህ ከዲስኩ ላይ ፋይል ማውጣት ብቻ ከሆነ ፍላጎትዎ፣ ክልከላውን ማንሣት ጨርሶ አያስፈልግዎትም። ወደ እኔ ከሚመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ይህን ሲሰሙ ይገረማሉ፤ ማሽኑ ከእነርሱ ጋር የተጣላ እየመሰላቸው ነበርና።

ዋጋ ያለው ዲስክ ከሆነ እንዲያውም ተቃራኒውን ያድርጉ፦ ክልከላውን ያጽኑ፣ ከዚያ ይቅዱ። በዶስ «ዲስክኮፒ» የሚለው ትእዛዝ ዲስኩን በሙሉ ወደ ሌላ ተመሳሳይ ዲስክ ይገለብጣል። የሦስት ተኩል ኢንች የአይቢኤም ዓይነት ዲስክ ከሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ ድራይቭ በዛሬ ላፕቶፕ ላይ ይበቃል። የአሚጋ 880 ኪሎባይት ዲስክ ግን በእንዲህ ዓይነቱ የዩኤስቢ ድራይቭ አይነበብም፤ የኮሞዶር 64 ዲስክም በተራ የፒሲ መቆጣጠሪያ አይነበብም፣ የጽሕፈት ዘዴው የተለየ ነውና። ለእነዚህ «ግሪስዊዝል» የሚባለው የመግነጢስ ምልክቱን በቀጥታ የሚያነብ ካርድ፣ ለ1541 ደግሞ «ዙምፍሎፒ» የሚባለው ማገናኛ አለ። ሁለቱም እዚህ ሱቅ ውስጥ የሚገኙ አይደሉም፤ ከውጭ ለሚመጣ ሰው መላክ ነው።

ዲስኩን ከማስገባትዎ በፊት የንባብ መስኮቱን፣ ማለትም የውስጡ ገጽ የሚታይበትን፣ በብርሃን ይመልከቱት። ክረምቱ እርጥብ በሆነበት ከተማችን፣ ግድግዳ ተጠግቶ የኖረ ሣጥን ውስጥ ያለ ዲስክ ሻጋታ ያበቅላል፤ ቡናማው ወይም ጥቁሩ ገጽ ላይ ነጣ ያለ ጠብታ የመሰለ ነገር ካዩ አያስገቡት። ሻጋታው በድራይቩ ጭንቅላት፣ ማለትም ዲስኩን ነክቶ በሚያነበው ክፍል፣ ላይ ይለጠፍና ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ዲስክ ይፍቃል። አንድ የሻገተ ዲስክ አሥር ደህና ዲስኮችን ሊያጠፋ ይችላል።

የዲስኩ ምስክርነት

እዚህ ላይ ብዙ ስህተት የሚፈጠረው የዲስኮቹ ሕግ እርስ በርሱ ስለሚቃረን ነው።

የአምስት ከሩብ ኢንች ዲስኩን መለያው ወደ ላይ፣ ረጅሟ የንባብ መስኮት ወደ ታች ሆና ፊት ለፊት ይያዙት። በቀኝ ጠርዝ፣ ከላይ ዝቅ ብሎ፣ አራት ማዕዘን ክፍተት አለች። ክፍተቷ ክፍት ከሆነች ይጻፍበታል፤ ከተሸፈነች ተከልክሏል። በሦስት ተኩል ኢንቹ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከብረቱ መዝጊያ በተቃራኒ ባለው ጫፍ በአንዱ ማዕዘን ትንሽ ተንሸራታች ፕላስቲክ አለች፤ ቀዳዳዋ ክፍት ሆና ብርሃን ካሳለፈች ተከልክሏል፣ ከተዘጋች ይጻፍበታል። ማዶ ባለው ማዕዘን ተንሸራታች የሌላት ሌላ ቀዳዳ ካለች፣ እርሷ የዲስኩን ዓይነት የምትናገር እንጂ ስለ ክልከላ የምትናገር አይደለችም፤ ባለ 1.44 ሜጋባይቱን ከባለ 720 ኪሎባይቱ የምትለይ ናት። እርሷን በፕላስተር ሸፍነው «ክልከላውን ፈታሁ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

አይቢኤም በ1971 እ.ኤ.አ. ለገበያ ባቀረበው ዓይነት፣ ማለትም በስምንት ኢንቹ ዲስክ ላይ፣ ሕጉ ከሦስት ተኩሉ ጋር ይመሳሰላል፦ ክፍተቱ ክፍት ሲሆን የተከለከለ፣ ሲሸፈን የተፈቀደ። ሹጋርት የተባለው ኩባንያ በ1976 እ.ኤ.አ. የአምስት ከሩቡን ሲያወጣ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ስለዚህ በአንዱ ዲስክ የለመዱት እጅ በሌላው ላይ ቢሳሳት አይደንቅም።

ቀጥሎ የሽፋኑን ዓይነት ይመልከቱ። በ5.25 ዲስክ ላይ ብዙ ድራይቮች ክፍተቷን የሚመለከቱት በዓይን በማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ለእኛ ዓይን ጥቁር ወይም ቡናማ የሆነ ቀጭን ፕላስተር ለዚያ ብርሃን እንደ መስታወት ሊሆን ይችላል፤ ከልክያለሁ ብለው ያስገቡት ዲስክ ሊጻፍበት ይችላል ማለት ነው። ከዲስኮቹ ሣጥን ጋር የሚመጣው ብርማ መለጠፊያ ወይም የአሉሚኒየም ፕላስተር አስተማማኝ ነው። የኤሌክትሪክ ፕላስተር ብርሃኑን ይከለክል እንደሆነ እንጂ ሙጫው በሙቀት እየቀለጠ ድራይቩ ውስጥ ይቀራል፤ ለረጅም ጊዜ አልመክረውም።

ክፍተት ጨርሶ ያልተበጀላቸው የ5.25 ዲስኮችም አሉ፤ ፕሮግራም ይዘው የተሸጡ ናቸው። በእነዚህ ላይ ድራይቩ «ተከልክሏል» ቢል እውነቱን ነው። ሰዎች ሌላ ዲስክ እንደ መለኪያ ደርበው፣ በእርሳስ ምልክት አድርገው፣ በመቀስ ይቆርጣሉ። ይቻላል፤ የ1541 ባለቤቶችም የዲስኩን ጀርባ ለመጠቀም በግራ ጠርዝ ሁለተኛ ክፍተት ይቆርጡ ነበር። ዋና የፕሮግራም ዲስክ ላይ ግን አያድርጉት። ባዶ ዲስክ ላይ ይቅዱትና ቅጂው ላይ ይጻፉ።

የሦስት ተኩሉ ተንሸራታች ከተሰበረች ወይም ከጠፋች ቀዳዳዋን ብርሃን በማያሳልፍ ፕላስተር ከሁለቱም በኩል ይሸፍኑ፤ ጫፉ እንዳይነሣ በጥፍር ይጫኑት።

የድራይቩ ምስክርነት

ዲስኩ ክፍት ሆኖ ሳለ ድራይቩ አሁንም «ተከልክሏል» ካለ፣ አሁን ጥርጣሬው ወደ ድራይቩ ይሻገራል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የሚሠራው ባዶ፣ ቢጠፋ የማያሳዝን ዲስክ ይዞ ነው። የታመመ ድራይቭ ውስጥ የአባት ዲስክ አይገባም።

በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ይንቀሉ። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም። ረጅሙ የ1541 ድራይቭ ትራንስፎርመሩ ውስጡ ስለሆነ ክዳኑ ሲከፈት 220 ቮልት የሚያልፍበት ቦታ አለው። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ደግሞ ለ110 ቮልት የተሠራ ነውና ጀርባውን ሳያነቡ ግድግዳ ላይ አይሰኩት። የኮሞዶር 64 የራሱ የኃይል ሳጥንም ሲያረጅ ከአምስት ቮልት በላይ እየለቀቀ የማሽኑን ቺፖች የማቃጠል ጠባይ አለው፤ በቴስተር ሳይለኩ አያገናኙት።

አሁን የዲስኩን ማስገቢያ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ዲስክ የተላጠች መለጠፊያ ውስጥ ወድቃ ክልከላውን በሚለየው ሴንሰር ላይ ተለጥፋ ያገኘኋት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በወረንጦ ማውጣት ነው፤ ጥገናው እዚያው ያልቃል።

መለጠፊያ ከሌለ ሴንሰሩን መፈለግ አለብን። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ማይክሮስዊች ነው፤ የዲስኩ ጠርዝ የሚጫናት ወይም ክፍተቷ ውስጥ የምትወድቅ ትንሽ ምላስ ያለችው። የአፕል ቱ ድራይቭ እንዲህ ነው፤ ብዙዎቹ የሦስት ተኩል ድራይቮችም እንዲሁ። ሁለተኛው የብርሃን ሴንሰር ነው፤ በአንድ በኩል ኢንፍራሬድ የሚያመነጭ ኤልኢዲ፣ በሌላው በኩል ብርሃኑን የሚቀበል ፎቶትራንዚስተር። 1541 የዚህ ዓይነት ነው። የዲስኩ ክፍተት በምትቆምበት ቦታ፣ በአንዱ ጎን በኩል፣ ከላይና ከታች የተጋጠሙ ሁለት ትናንሽ ጥቁር ወይም ግልጽ ጉብታዎች ካዩ እርሱ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡበት፤ የጥገናው ቁልፍ እዚህ ነውና። በ5.25 ድራይቭ ብርሃን ካለፈ «ይጻፍ» ማለት ነው፤ ብርሃን ከታገደ «አይጻፍ»። ስለዚህ አቧራ፣ ጥላሸት፣ የተቃጠለ ኤልኢዲ፣ የተቆረጠ ሽቦ፣ ሁሉም አንድ ውጤት አላቸው፦ ድራይቩ ዲስኩ ሁሉ የተከለከለ ይመስለዋል። ወደ ጥንቃቄው ያዘነብላል። የብርሃን ሴንሰር ባለው የሦስት ተኩል ድራይቭ ግን ተቃራኒው ነው፤ ብርሃን ያለፈው ቀዳዳዋ ክፍት ስለሆነች ነው፣ ያም «አይጻፍ» ማለት ነው። እዚህ ኤልኢዲው ሲሞት ድራይቩ የተከለከለውንም ዲስክ እንደተፈቀደ ይቆጥረዋል። ይህ ብልሽት መልእክት ስለማያወጣ ማንም አያውቀውም፤ ከሁሉም የምፈራው እርሱን ነው። ያገለገለ ድራይቭ ሲገዙ በመጀመሪያ የሚፈትኑት በተከለከለ ባዶ ዲስክ ላይ ለመጻፍ በመሞከር ይሁን፤ እንቢ ማለት ካልቻለ አይመኑት።

በአዲስ አበባ ቤቶች የብርሃን ሴንሰርን የሚያሳውረው አቧራ ብቻ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሳሎን ተቀምጦ የቡና ከሰልና የዕጣን ጭስ ሲታጠን ኖሯል። ያ ጭስ ስስ፣ ቢጫማ፣ የሚያጣብቅ ሽፋን ይሠራል፤ አቧራውም በላዩ ይቀመጣል። በፓምፕ ወይም በብሩሽ አይለቅም። ለዚህ አይሶፕሮፒል አልኮል ያስፈልጋል፤ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ይመረጣል። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ውኃ ስላለው ከቸገረ ብቻ ይጠቀሙበት፣ ከዚያም በደንብ እስኪደርቅ ይጠብቁ። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በአልኮሉ አርጥበው፣ ጠብታ እንዳይኖረው ጨምቀው፣ ሁለቱንም ጉብታዎች በቀስታ ያሽከርክሩባቸው። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ከወጣ በሌላ ይድገሙ፤ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ።

እግረ መንገድዎን የንባብ ጭንቅላቱንም ያጽዱ። 1541 አንድ ጭንቅላት ነው ያለው፤ ከላዩ የሚጫነው ትንሽ ስፖንጅ መሰል ነገር በአልኮል እንዳይርስ ይጠንቀቁ። ሁለት ጭንቅላት ባለው ድራይቭ የላይኛውን ጭንቅላት በጣም ከፍ አድርገው አያንሡት፤ የሚሸከመው ስስ ብረት አንዴ ከተጣመመ አይመለስም።

ካጸዱ በኋላም ካልተስተካከለ ኤልኢዲው እየበራ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ዓይን አያየውም፣ የስልክ ካሜራ ግን ያየዋል። ድራይቩን ክዳኑ እንደተከፈተ በጥንቃቄ ኤሌክትሪክ ይስጡት፣ እጅዎን ያርቁ፣ የስልክዎን የፊት ካሜራ ወደ ኤልኢዲው ያነጣጥሩ፤ ሐምራዊ የመሰለ ነጠብጣብ ብርሃን ካዩ በሕይወት አለ። ስልኩ እንደሚያይ ለማረጋገጥ አስቀድመው በቴሌቪዥን ሪሞት ይሞክሩት። ብርሃን ከሌለ በቴስተር በኤልኢዲው ሁለት እግሮች መካከል ይለኩ። ወደ 1.2 ቮልት አካባቢ ጤነኛ ነው። አምስት ቮልት አካባቢ ከሆነ ኤልኢዲው ውስጡ ተቆርጧል፤ ዜሮ ከሆነ ኃይሉ አልደረሰውም ወይም ሁለቱ እግሮች ተገናኝተዋል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ኤልኢዲው ራሱ ሳይሆን የሽቦዎቹ ማገናኛ ላይ የላላ ብየዳ ነው፤ በመበየጃ አንድ ጊዜ ማሞቅ ይበቃል። ኤልኢዲው ከሞተ ከድሮ ሪሞት ወይም ከተጣለ ፕሪንተር የወጣ ኢንፍራሬድ ኤልኢዲ ይተካዋል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ የተፈታ ፕሪንተር በርካሽ ይገኛል፤ ከአንዱ ፕሪንተር ሁለት ሦስት ሙሉ ሴንሰር ይወጣል። እኔ የምጠቀምባቸው ሴንሰሮች በሙሉ ከዚያ የመጡ ናቸው።

ማይክሮስዊች ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ኤሌክትሪኩን ነቅለው ቴስተሩን በድምፅ መፈተሻ ላይ አድርገው ምላሷን እየተጫኑና እየለቀቁ ያዳምጡ። ድምፁ በየጊዜው ካልተለወጠ፣ ወይም አንዴ መጥቶ አንዴ ከቀረ፣ ውስጧ ዝጓል። አንድ ጠብታ አልኮል በምላሷ ሥር አስገብተው ሃምሳ ጊዜ ያህል ይጫኗት፤ ብዙዎቹ ይነቃሉ። ምላሷ የተጣመመች እንደሆነም በወረንጦ ቀስ ብሎ ማቅናት ነው።

ስለ 1541 ቃል የገባሁት ይህ ነው። ያ ድራይቭ ዲስክ መለወጡን የሚያውቀው በዚሁ የክልከላ ሴንሰር ነው፤ ዲስኩ ሲወጣና ሲገባ ጠርዙ ብርሃኑን ይጋርደዋልና። ስለዚህ ሴንሰሩ ከታመመ 26 ብቻ ሳይሆን 29 ም ሊያዩ ይችላሉ። ሁለቱን እየተፈራረቁ ካዩ ሌላ ነገር አይፈልጉ፤ በቀጥታ ወደ ሴንሰሩ ይሂዱ።

አንዳንድ ባለሙያ ሴንሰሩን በአንድ ሽቦ አገናኝቶ ክልከላውን ለዘለዓለም ያነሣዋል። ለምርመራ አምስት ደቂቃ ከሆነ ግድ የለም። እንዲያ ተደርጎ ለባለቤቱ የሚመለስ ድራይቭ ግን ፍሬን የሌለው መኪና ነው። በአብዛኞቹ ድራይቮች ክልከላው የመጻፊያውን ኤሌክትሪክ በቀጥታ የሚያቋርጥ ነውና ቫይረስም ሆነ የተሳሳተ ትእዛዝ አያልፈውም። ያን መከላከያ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መንቀል ትልቅ በደል ነው እላለሁ።

ገመዱና ማሽኑ

ይህኛው አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው። በአይቢኤም ዓይነት ማሽኖች ድራይቩን ከመቆጣጠሪያው የሚያገናኘው ባለ 34 መስመር ጠፍጣፋ ገመድ ነው፤ ቀይ ጠርዙ መስመር 1 ነው። የክልከላው ምልክት የሚያልፈው በመስመር 28 ሲሆን፣ ወደ ዜሮ ቮልት ሲወርድ «ተከልክሏል» ማለት ነው። ግራና ቀኙ ያሉት 27 እና 29 ሁለቱም ዜሮ ቮልት የያዙ የመሬት መስመሮች ናቸው። እንግዲህ ገመዱ በክዳኑ ተጨፍልቆ 28 ከጎረቤቱ ጋር ቢነካካ፣ ድራይቩ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ማሽኑ ዘወትር «ተከልክሏል» ይላል። ሌላ ገመድ ለውጦ መሞከር ከሁሉም ፈጣኑ መንገድ ነው። ገመዱን ገልብጠው ከሰኩት የድራይቩ መብራት ሳይጠፋ በርቶ ይቀራል፤ ያን ካዩ አጥፍተው ያዙሩት።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በተሠሩ አንዳንድ ፒሲዎች ባዮስ በሚባለው የማሽኑ መነሻ ቅንብር ውስጥ ፍሎፒውን ለንባብ ብቻ የሚያደርግ ምርጫ አለ። ከመሥሪያ ቤት የወጡ ማሽኖች ላይ ተከፍቶ ይገኛል። ካቻቪቴ ከማንሣትዎ በፊት እርሱን ማየት አንድ ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ፈተናው

ጥገናው አለቀ የምለው አራት ነገር ካየሁ በኋላ ነው። ባዶውን ዲስክ ክፍት አድርጌ ፎርማት አደርጋለሁ፤ መቀበል አለበት። አንድ ትንሽ ፋይል ጽፌ፣ ድራይቩን አጥፍቼ አብርቼ፣ አነባለሁ። ያንኑ ዲስክ ከልክዬ ልጻፍበት እሞክራለሁ፤ እንቢ ማለት አለበት። አራተኛው ዲስኩን ደጋግሞ እያወጡና እያስገቡ ሦስተኛውን መድገም ነው፤ አንዴ እንኳ ቢቀበል ሴንሰሩ ገና አልዳነም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ይህን አልሠራም፤ በመጻፍ መካከል ኃይል የተቋረጠበት ዲስክ የድራይቩን ጤንነት አይናገርም።

የ5.25 ዲስክ ላይ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ይበሉ። ባለ 1.2 ሜጋባይት ድራይቭ ባለ 360 ኪሎባይት ዲስክ ላይ ሲጽፍ መስመሩ ቀጭን ስለሆነ፣ በድሮው ባለ 360 ድራይቭ የተጻፈ ዲስክ ላይ ከደረበ፣ የድሮው ድራይቭ መልሶ ላያነበው ይችላል። መጻፍ ተፈቀደ ማለት መጻፍ ተገቢ ነው ማለት አይደለም።

የእህታችን ማሽን

ያን ዕለት በመጀመሪያ ያደረግሁት ድራይቩን መክፈት አልነበረም። ሃያ ሁለቱን ዲስኮች ጠረጴዛ ላይ ደርድረን፣ እርሷ እየቆረጠች እኔ እየለጠፍሁ፣ ክፍተቶቻቸውን በአሉሚኒየም ፕላስተር መልሰን ሸፈንናቸው። ለምን እንደሆነ ስነግራት እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ለጥቂት ጊዜም ምንም አልተናገረችም።

ድራይቩ ባለ 360 ኪሎባይት፣ ሴንሰሩ የብርሃን ነበር። የመጀመሪያው ጥጥ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ወጣ። አራተኛው ነጭ ሆነ። ጭንቅላቱም እንዲሁ በጭስ ተሸፍኖ ኖሮ፣ ለካ ከመጀመሪያው ዲስኮቹ ያልተነበቡት በእርሱ ምክንያት ነው። ባዶው ዲስክ አራቱንም ፈተና አለፈ። ከዚያ የአባቷን ዲስኮች አንድ በአንድ ቀዳን፤ አሥራ ዘጠኙ ሙሉ በሙሉ ተነበቡ፣ ሁለቱ ሻጋታ ስለነበረባቸው ለብቻ አስቀመጥናቸው፣ አንዱ በከፊል ብቻ ወጣ።

ፋይሎቹ በዛሬ ኮምፒውተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነበሩ። ይህን ያየ ሰው ተበላሽተዋል ብሎ ይጥላቸዋል። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች በሚጋሩት የፊደላት ቁጥር ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የግዕዝ ፕሮግራም ፊደላቱን በራሱ ቁጥር ነበር የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ጽሑፉን የጻፈው ፕሮግራም ራሱ ያስፈልጋል። ካርቶኑ ውስጥ ከሃያ ሁለቱ ሌላ ክፍተት ያልተበጀለት አንድ ዲስክ ነበር፤ ያ ፕሮግራም የነበረው እርሱ ላይ ነው። ቅጂውን አስነሥተን የመጀመሪያውን ፋይል ስንከፍት የአምስተኛ ክፍል የሳይንስ ትምህርት፣ ስለ ውኃ ዑደት፣ በአማርኛ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

ዲስኮቹን ወደ ካርቶኑ ስትመልስ ፕላስተሮቹን አልላጠችም። ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ «የአባባ፤ እንዳይከፈት» ብላ ጻፈችበት።